እፍኝ ጨው ለጋሽ ተክሌ ባሕር

ነገሩ ሁሉ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋውን ደብቆ ወሬ የሚጀምር ነጋዴ አይታመንም። አንድ ኩንታል ንጹሕ የአፍዴራ ጨው፣ አንድ ሰማያዊ በርሜል፣ በፋርማሲ ሰፈር የነበረኝ መልካም ስም፣ እና አንዲት ሐምራዊ ፍጥረት። ጨውና በርሜሉን ተክቻለሁ። መልካም ስሜም ቀስ ብሎ ተመልሷል። ፍጥረቷን ግን መተካት አልቻልኩም።

ጸጉሬ የሸበተው ደብረ ታቦር ውስጥ ጨው ስሸጥ ነው። አሁን በዚያው ሱቅ ልጄ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። የስልክ ሽፋን እርጥበት አይስብም፤ ብልህ ልጅ ናት። እዚህ ከተማ ጨው መነገድ ከጉና ጉም ጋር መታገል ነው። ክረምት ሲገባ ጨው ያልበዋል፤ ጆንያው ይረጥባል፤ መሬት ላይ ያስቀመጥከው ከሥሩ ይቀልጥና ቁመቱን እንደያዘ ክብደቱን ይጥላል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል፤ በመዶሻ ትፈልጠዋለህ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ሰው ጨው ሸጦ አያውቅም። ጨው ለራሱ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሁሉንም የምታደርግለት አንተ ነህ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ቤታቸው የገባሁት በተሸካሚነት ነበር። ሐጂ ጨው ሲገዙ ከጆንያው አናት አይዘግኑም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ከሆዱ ያወጣሉ። አንዲት ፍሬ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይተፏታል። ከዚያ ይጠብቃሉ። ሻጩ ዋጋ መጥራት ሲጀምር እጃቸውን ያነሳሉ።

«ቆይ። ጨው መጀመሪያ ይጮኻል። እውነቱን የሚናገረው ጩኸቱ ካለቀ በኋላ ነው።»

መልካም ጨው ምላስ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። መራራ ጭራ ካስከተለ ሐጂ ዋጋውን ይሰብራሉ፤ ጭራው ከበዛም ይጥሉታል። ቀጥሎ በብርጭቆ ውኃ አሟሙተው ወደ ብርሃን ያነሱታል። አሸዋው ከሥር ይቀመጣል፤ ሻጩም መሬት መሬት ያያል።

ትንሽ ስጎለምስ ይፋግ ገበያ ላኩኝ፤ በጣሳ እየሰፈርኩ ሸጥኩ። ከዚያ አንበሳሜ፤ እዚያ ሰው ከጨው ይልቅ ክርክሩን ይወድ ነበር። ብዙ የቆየሁት እብናት ነው። እብናት ላይ ደንበኛዬ ከብት እንጂ ሰው አልነበረም። ገበሬው በሬውን እየነዳ ይመጣል፤ በሬው ከሁለት ጆንያ ይልሳል፤ ሁለተኛ የሚመለስበትን ገበሬው ይገዛል። በሬ አይከራከርም፣ ዱቤ አይጠይቅም፣ ዘመድህ ነኝ አይልም። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ደንበኛ አላገኘሁም።

ከሐጂ ልማዶች ሁሉ እጄ ላይ የቀረው ግን አንድ ነው። መዝነው ሲጨርሱ፣ ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው አንድ እፍኝ ይጨምራሉ። ምራቂ። ለሚወዱትም፣ ለሚጠሉትም፣ ለሀብታሙም፣ ለድኃዋም።

«ሐጂ፣ ይኼ ሰውዬ ባለፈው ሰድቦዎት አልነበር?» ብላቸው፣ «ሚዛኑ የእኔና የእሱ ነው» አሉኝ። «እፍኙ የአላህ ነው። አንተ ምን አገባህ?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዚህ ግን ተከራክሬያቸው አላውቅም። ሐጂ አርፈው ሱቁን ገዝቼ ከያዝኩ በኋላም እጄ ልማዱን አልተወም። ሚዛኑ ሲቆም ራሱ ይሄዳል፤ እኔን አያማክርም።

በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን ገብቶበት፣ ታሽጎ፣ ፌስታል ለብሶ መጣ። ደግ ነው፤ እንቅርትን አጠፋ ይላሉ። የእኔን ሥራም አብሮ አጠፋው። የቀሩልኝ ከብት አርቢዎችና ቆዳ ነጋዴዎች ነበሩ። ሱቁን ልዘጋ ስሰናዳ ነው ሄለን የመጣችው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ አዮዲን ያልገባበት ጨው አለዎት?»

«ለበሬ ነው ለቆዳ?»

«ለዓሣ።»

«ልታደርቂው ነው?»

«አይ፣ በሕይወት ላለ ዓሣ።»

«የኔ ልጅ፣ የጣና ዓሣ ጨው የሚቀምሰው ከሞተ በኋላ ነው።»

ሳቀች። ዓሣው የጣና አይደለም፣ የባሕር ነው አለችኝ። አባቷ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ያኖሩታል። አላመንኳትም። ያላመንኩትን ነገር ደግሞ ሄጄ ማየት ልማዴ ነው፤ ሄድኩ።

አባትየው ጋሽ ተክሌ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ነው። አሰብ ከእጅ ሲወጣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ከተማ ሲሉ ቆይተው በስተርጅና ልጃቸው ዘንድ ደብረ ታቦር ደረሱ። ሰፈሩ «አባ ወደብ» ይላቸዋል። ብርዱን አይችሉትም፤ ከቤት አይወጡም። ስገባ ካፖርት ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጠዋል። ውኃው ውስጥ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ይዋኛሉ። ከመካከል፣ ድንጋይ ላይ፣ እንደ አበባ የተከፈተች ሐምራዊ ነገር አለች። መርጃን ናት አሉኝ። መርጃን ሴቶች አንገት ላይ የሚያስሩት ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ጋሽ ተክሌ «እሜቴ» ይሏታል። አዲስ አበባ ካለ የጌጥ ዓሣ ሻጭ መጀመሪያ የገዙት እሷን ነው።

«ጨው ነጋዴው አንተ ነህ?» አሉኝ ዞር ሳይሉ።

«አዎ፣ ጋሽ ተክሌ።»

«የአሰብን ጨው ሸጠሃል?»

«በወጣትነቴ።»

«እንዴት ነበር?»

አስታወስኩ። «መራራ ጭራ ነበረው። አለቃዬ ዋጋ ይሰብሩበት ነበር።»

ዓይናቸውን ከመስታወቱ አንስተው አዩኝ። «ቀምሶታል» አሉ። «ሄለን፣ ይኼ ሰውዬ ቀምሶታል!»

በር ድረስ ስትሸኘኝ ሄለን ጉዳዩን ነገረችኝ። የዓሣው ጨው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አንድ ባልዲው ደብረ ታቦር እስኪደርስ ደመወዟን ይዞት ይሄዳል። «ርካሽ መንገድ ካላገኘሁ ለባሕር ዳር አንድ ሆቴል ልሰጠው ነው» አለች። «ግን እዚህ ከመጡ ጀምሮ የሚያወሩት ከዓሦቹ ጋር ነው። እነሱ ከሄዱ ከማን ጋር ያወራሉ?»

«ጨውስ ከእኔ አያልፍም» አልኳት። ነጋዴ ከአፉ የሚወጣውን አይመዝንም፤ ሌላውን ሁሉ ይመዝናል።

ምርጫውን በሐጂ መንገድ ጀመርኩ። የታሸገው አይሆንም፤ አዮዲኑም እንዳይጋገር የሚጨመርበትም ነገር ለመርጃን አይስማማም አለች ሄለን። አሞሌውን ፈልጬ በብርጭቆ ሳሟሟው ሥሩ ላይ ጭቃ ተኛ፤ እሱም ለበሬ ይሁን። የቀረው የአፍዴራ ሻካራ ጨው ነው። ካሉኝ ጆንያዎች ከሆዳቸው እያወጣሁ ቀመስኩ። ከመካከላቸው አንዱ ንጹሕ ሆኖ ሄደ፤ ብርጭቆውም ጠራ። ኩራት እየተሰማኝ ለሄለን አቀረብኩላት። ወደ ላቦራቶሪዋ ወስዳ መረመረችው።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ግን ባሕር ጨው ብቻ አይደለም። ያ አለቃዎ ዋጋ ይሰብሩበት የነበረው መራራ ጭራ ማግኒዢየም ነው፤ መርጃን ያለ እሱ አይኖርም። አጥንቷን የምትሠራበት ካልሲየምም ያስፈልጋል። ውኃው እንዳይኮመጥጥ ደግሞ ሶዳ።»

ዕድሜ ልኬን ስጥለው የኖርኩትን መራራ አሁን ገንዘብ አውጥቼ ልገዛው ሆነ።

አብዛኛውን ሄለን አዲስ አበባ ካሉ ኬሚካል ሻጮች በከረጢት አስመጣች፤ ዋጋው እንደተፈራው አልነበረም። ካልሲየሙን ሳየው ጨውን ይቅር አልኩት። ከጨው የባሰ ስግብግብ ነው፤ ክዳኑን ረስተህ ብትወጣ ስትመለስ ኩሬ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከማግኒዢየሙ ግማሹ ደግሞ እዚሁ ነበር። የድሮ ሰው ሆዱ ሲደርቅ የሚጠጣው የእንግሊዝ ጨው ማለት ነው። ፋርማሲ ሄጄ ያለውን ሁሉ ጠየቅሁ። ሻጯ ልጅ ፓኬቶቹን ደርድራ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው አይታዘዝም።»

«ለሰው አይደለም፤ ለዓሣ ነው።»

«እሺ» አለች፣ በሐዘኔታ። «ውኃ በብዛት ይጠጡበት።»

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሆዴ ነበር።

የመጀመሪያው ቅልቅል ጉድ ሆነ። እኔ የማውቀው መቀላቀል ሸራ ዘርግቶ፣ ሁሉንም ከምሮ፣ በአካፋ ማገላበጥ ነው። እንዲሁ አደረግሁና በርሜል ውስጥ ገልብጬ፣ እስኪርስ ያህል ውኃ አፈሰስኩበት። ነጭ ሆነ። ማማሰያዬን ለማውጣት ታገልኩ። ሄለን መጥታ አየችው።

«ጋሼ፣ ኖራ ነው የሠሩት።»

«ቤቱን ልቀባበት እችላለሁ?»

«በርሜሉን ይጣሉት።»

መንገዱን እሷ አሳየችኝ። መጀመሪያ በርሜሉን በተጣራ ውኃ ትሞላለህ፤ ጨው ወደ ውኃ ይሄዳል እንጂ ውኃ ወደ ጨው አይሄድም። ጨውን እያማሰልክ ታሟሟለህ፤ ከዚያ መራራዎቹን። ካልሲየሙን በጆግ ለብቻው አሟሙተህ በቀጭኑ ታንቆረቁራለህ። ሶዳውን እንደዚሁ ለብቻው፣ ከሁሉም መጨረሻ። ሁለቱ ወፍራም ሳሉ ከተገናኙ ይጣሉና ኖራ ይወልዳሉ፤ በሰፊ ውኃ ውስጥ ከተገናኙ ግን ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ይኼን ስሰማ ብዙ የማውቃቸው ባልና ሚስት ትዝ አሉኝ። ከዚያ ትንሿ ፓምፕ ስታገላብጠው ታድራለች።

በማግስቱ ውኃው ጠራ። በብርጭቆ ቀድቼ ለጋሽ ተክሌ ወሰድኩላቸው። ጣታቸውን ነክረው ላሱ። እንደ ሐጂ ጠበቁ።

«የጠዋት ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«የጠዋት ባሕር። ቀን ላይ ናፍታ ናፍታ ይላል።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውኃ ከመስታወቱ ይወጣል፤ አንድ ባልዲ አዲስ ይገባል። በርሜል ቤታቸው አይገባምና ለእያንዳንዱ ባልዲ የሚሆነውን መዝኜ በከረጢት አዘጋጅላቸው ጀመር፤ ጨውና መራራው በአንድ፣ ካልሲየምና ሶዳው ለየብቻ በትንንሽ ላስቲክ። ሄለን ልኩን ሰጠችኝ። «እኔ ልመዝነው?» ብትል ተቆጣሁ፤ ጨው ነጋዴ ቆሞ መምህር ትመዝናለች? ወጪው ከበፊቱ ሲተያይ የትም አይደርስም። የሆቴሉ ወሬ ቀረ። እሜቴ ተከፈተች፤ በጎኗም አዲስ ጣት አወጣች። ጋሽ ተክሌ ስሄድ ወሬያቸው አያልቅም፤ መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ስለሚቆም ውኃውን በጭልፋ እያማሰሉ ያወሩኛል። ለካ ሰውየው ወሬኛ ነበሩ።

ክረምት ገብቶ ሄለን ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደች። እሷ በሌለችበት እሜቴ መዘጋት ጀመረች። ብርዱ ነው አልን። መብራቱ ነው አልን።

«ምን ይሻላል?» አሉኝ ጋሽ ተክሌ።

«ውኃዋን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩላት። ከረጢት አመጣለሁ።»

አመጣሁ። ቀየሩላት። ባሰባት። ሌላ አመጣሁ።

ሄለን ስትመለስ ሐምራዊዋ ነገር ነጭ ድንጋይ ሆናለች፤ ዓሦቹም ከማዕዘን ተወሽቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ሄለን የጨው መለኪያዋን አወጣች። መርፌ ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። መርፌዋ ልኩን አልፋ መጨረሻው ላይ ተኛች።

«አባዬ፣ ሳልኖር አልለኩትም?»

«የእሱ ጨው ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ምኑን እለካዋለሁ?»

ሄለን የተረፈ ከረጢት አምጥታ መዘነች። ከልኩ በላይ ነው። ሁለተኛውን መዘነች፤ በላይ ነው። ሁሉም በላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሚዛንዎ ተበላሽቶ ይሆን?»

ሚዛኔ ተሰድቦ አያውቅም፤ አፌን ልከፍት ስል እጆቼን አየሁ። ጉልበቴ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጎን ለጎን፣ እንደ እፍኝ ገጥመው።

ለኩንታል እፍኝ ምንም አይደለም፤ በሬው አያውቀውም፣ ገበሬው ደስ ይለዋል። ለአንድ ባልዲ እፍኝ ግን ሌላ ባሕር ነው። በየሳምንቱ ጨምሬላታለሁ፤ ሄለን ሳለች በመለኪያዋ እያየች ንጹሕ ውኃ ስለምታክልበት አልታወቀም። ስትታመም ደግሞ አብልጬ አመላለስኩ። ለሄለን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ንጹሕ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች ጨውነቱን ታወርድ ጀመር። ጋሽ ተክሌ ወደ መስታወቱ ዞረው ተቀመጡ፤ ስሰናበታቸውም አልዞሩም።

ከዚያ መሄድ ተውኩ። በምን ፊቴ? ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጨው የማይገዙ ሰዎችን እያየሁ ዋልኩ። ሐጂን ልጠይቃቸው አሰኝቶኝ ነበር፤ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ፤ «የአላህን ድርሻ ለማን እንደምትሰጥ አላየህም?» ነው የሚሉት።

መስከረም ጠብቶ፣ የቅዳሜ ገበያ ቀን፣ መንገዱ ላይ ሁካታ ተነሣ።

«አባ ወደብ ወጣ! ኧረ አባ ወደብ ወጣ!»

ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ዳገቱን እያረፉ ወጡት። ሱቄ ገብተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እስኪተነፍሱ ጠበቅሁ።

«ዓሦቹ በልተዋል» አሉ። «ከረጢት ግን አልቆብናል። ሚዛንህን አውጣ።»

«ጋሽ ተክሌ፣ ሄለን ብትመዝነው...»

«አውጣ አልኩህ!»

አወጣሁ። መዘንኩ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዘራው ጣቶቼ ላይ ሲያርፍ ነው እጄ መሄዱን ያወቅሁት።

«እጅህን!»

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሽ ተክሌ፤ እጄ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔም ክሬን ላይ ሳለሁ እጄ ከእኔ ይቀድም ነበር። አንድ ቀን መኪና ላይ አወረድኩ ብዬ ባሕር ውስጥ ለቀቅሁት።»

«ምኑን?»

«ሲሚንቶ።»

«ከዚያስ?»

«ባሕሩ አልጠነከረም።» ከዘራቸውን አስተካክለው ያዙ። «እንደገና መዝን።»

እንደገና መዘንኩ። እንደገና መቱኝ። ጆንያ ሊገዛ የገባ የእብናት ሰው ቆሞ ያየን ነበር።

«አባቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» አላቸው።

«ቸር ሆኖ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ሊጠብቁ ይመጡ ጀመር። ብርዱን ይሰድባሉ፣ ዳገቱን ይሰድባሉ፣ የደብረ ታቦርን ሰው ይሰድባሉ። ግን ይመጣሉ። የገበያው ሰው ለመዳቸው፤ ጎረቤት ያለችው በርበሬ ሻጭ ወንበር ታወጣላቸዋለች፤ እሳቸውም ስለ ወደቡ ያወሯታል። ሱቁን ለልጄ ሳስረክብ ሚዛኑን ብቻ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። አሁን ከረጢቱን የማዘጋጀው ጓሮዬ ውስጥ ነው፤ ደንበኛዬም አንድ ነው። ከዘራው ካረፈብኝ ቆይቷል። እጄ እስከ ጆንያው አፍ ይሄድና ይቆማል።

ቀሪው እንዲህ ነው። ዓሦቹ ሁለቱም አሉ። እሜቴ ሞታለች፤ ድንጋይዋ እዚያው ነው። ከድንጋዩ ግርጌ የጣት ጫፍ የምታህል ሐምራዊ ነገር ተርፋለች፤ ጋሽ ተክሌ አድጋለች ይላሉ፣ ሄለን ገና ነው ትላለች። በርሜሉ ውስጥ እስከ ፋሲካ የሚበቃ ጨው አለ። ምራቂ የለም።